ምርመራ፦ አልተደረገም

ለተከበሩ የመዛግብት አገልግሎት ዋና ኃላፊ
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላ ቤተሰብዎን ጤንነት እጠይቃለሁ። ልጆችዎ፣ ወንድምና እህቶችዎ፣ ሁሉም በየስማቸውና በየአድራሻቸው ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔም እንደ አቅሜ ደህና ነኝ። ሥራዬ በማተሚያ ቤት መጽሐፍ መጠረዝ ነው፤ የተበታተነ ወረቀት በቅደም ተከተሉ ሰብስቦ ጀርባውን በሙጫ ማያያዝ። ይህን የምነግርዎ አንድ ቅጠል ከመሃል ሲጎድል ምን እንደሚመስል በየቀኑ የማየው ሰው መሆኔን እንዲያውቁልኝ ያህል ነው።

ለመጻፍ ያነሣሣኝ ምስጋና ነው። መሥሪያ ቤትዎ የቀድሞውን የሕፃናት ማሳደጊያ መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር ስላስገባ፣ እህቴን ለመፈለግ ወራት ይወስድብኝ የነበረው ሥራ አራት ደቂቃ ብቻ ፈጅቶልኛል። እንደማትገኝ በአራት ደቂቃ አወቅኩ።

ነገሩን ከመጀመሪያው ላስረዳ። እናታችን ስትሞት እኔ አምስት ዓመቴ፣ እህቴ ስምንት ወሯ ነበር። ሁለታችንም ማሳደጊያው ገባን። ከሦስት ሳምንት በኋላ አክስቴ መጥታ እኔን ወሰደችኝ። ስለ ሕፃኗ በቤታችን ተነሥቶ አያውቅም። ክንዴ ላይ የሚሰማኝ ሙቀትና ክብደት ነበር፤ እሱንም ሕልም ነው ብዬ አሳደግኩት። አምና አክስቴ ሆስፒታል ተኝታ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ፣ «ታናሽህን... ልጄ፣ ሁለት ማንሣት አቅቶኝ ነው» አለችኝ። እስክትሞት ድረስም አልጠየቅኳትም። ለምን እንዳልጠየቅኳት እስካሁን አላውቅም።

እንግዲህ ምስጋናዬን በተራ ላቅርብ።

፩ኛ. የመጠየቂያው ቅጽ ስም መሙላት ግዴታ ነው ይላል። የአክስቴን ቃል ስሰማ ትዝ ያለኝ ስሟ ሚጡ ነበር፤ ሌላ ስም ሳይወጣላት ነው የተለያየነው። ኮምፒውተሩ አንድ ቃል ብቻ አልቀበልም ስላለኝ «ሚጡ ሚጡ» ብዬ ጻፍኩ። ሠላሳ ስድስት ዓመት ሙሉ ያልጠራኋትን ልጅ ሁለት ጊዜ እንድጠራት ስላደረጉኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

፪ኛ. «ዝምድና» በሚለው ሥር የሚመረጡት ወላጅ፣ ልጅ፣ ባለቤትና ጠበቃ ናቸው። ወንድም የለም። ጠበቃን መረጥኩ፤ ከሁሉም የቀረበኝ እሱ ነበር።

፫ኛ. ክቡርነትዎ እንደሚያውቁት በየመሥሪያ ቤቱ ቅጽ መጨረሻ ላይ «ምርመራ» የሚባል ዓምድ አለ። ማንም አይመረመርበትም። በሌሎቹ ዓምዶች ያልተያዘ ነገር ሁሉ የሚጻፍበት ነው። በማሳደጊያው መዝገብም ስም፣ ዕድሜ፣ የገባበት ቀን፣ የወጣበት ቀን ከተጻፈ በኋላ፣ ሕፃኑን ማን እንደወሰደው፣ የት እንደሄደ፣ አብሮት የገባ ወንድም ወይም እህት እንዳለው የሚሰፍረው እዚያ ላይ ነበር። አዲሱ የኮምፒውተር ሥርዓት ደግሞ መሥሪያ ቤቱ ለሰነዶቹ የራሱን መስኮች፣ የድሮዎቹን ዓምዶች ማለት ነው፣ እንዲፈጥር፣ ለእያንዳንዱም መስክ ምን ዓይነት መልስ እንደሚቀበል እንዲወስን ይፈቅድለታል፤ ጽሑፍ፣ ቀን፣ ቁጥር፣ ወይም ከሁለት አንዱን መምረጥ። የእርስዎ ሰዎች ምርመራን የጤና ምርመራ አደረጉት። ተደርጓል፣ ወይም አልተደረገም። የሚተይቡት ሠራተኞች የእጅ ጽሑፉን እያነበቡ የሚያሰፍሩበት ቦታ አጡ። እህቴን ማን እንደወሰዳት የሚናገረውን መስመር አንድ ሰው አንብቦታል። ከዚያ ስለ ደምም ስለ ሳንባም የሚናገር ነገር ስላላገኘበት «አልተደረገም» የሚለውን ተጫነ። ቀጣዩንም። ቀጣዩንም። አራት ሺህ ሕፃናት ናቸው።

መስኮቹን ያዘጋጁት ባለሙያ በትሕትና ተቀብለውኛል፤ ወንበርም ስበውልኛል። «ጋሼ፣ ምርመራ ሲል ሐኪም ቤት ነው የመሰለን፤ የሕፃናት ነገር አይደል እንዴ?» አሉኝ። ልቆጣ ተዘጋጅቼ ነበር የሄድኩት፤ አልቻልኩም። መስክ ሲባል እኔ ሰው የሚሮጥበት ሰፊ ሜዳ ይመስለኝ ነበር። እርስዎ ዘንድ ለካ ሁለት ቃል ብቻ የምታሳልፍ ቀዳዳ ኖራለች።

፬ኛ. የወረቀት መዝገቦቹ ከተገለበጡ ከዘጠና ቀን በኋላ በመመሪያው መሠረት ስለተወገዱ፣ ስለ መጋዘንዎ ንጽሕና እንኳን ደስ ያለዎት። ገብቼ አይቼዋለሁ። መስኮቱ ክፍት ነው፤ ነፋስ እንደ ልቡ ይገባል፣ የሚገልጠው ነገር የለም።

ይህኛው ተራ ቁጥር የለውም። መዝገቡን በእጃቸው የሞሉትን ጡረተኛ መዝገብ ያዥ አፈላልጌ አገኘኋቸው፤ ጎረቤቶቻቸው እትዬ መዝገብ ይሏቸዋል። የሆነውን ደጃፋቸው ላይ ቆሜ ስነግራቸው መጀመሪያ ሳቁ። «ታዲያ ምርመራ ላይ ካልጻፍኩት የት ልጽፈው ኖሯል፣ ግንባሬ ላይ?» አሉ። ከዚያ ፊቴን አዩና ሳቃቸው ቆመ። አስገብተው አስቀመጡኝ። እህቴን የወሰዷት ባልና ሚስት ነበሩ አሉ። ሴትየዋ ሕፃኗን ከመቀበሏ በፊት ብርድ እንዳይነካት እጇን በትንፋሿ ስታሞቅ ትዝ ይላቸዋል። ስማቸውን ግን... «ከጭንቅላቴ ወጥቶ እዚያ እንዲቀመጥልኝ ብዬ እኮ ነው የጻፍኩት፣ ልጄ» አሉኝ። ሲሸኙኝ እጄን ቶሎ አለቀቁም። ይቅርታ የሚጠይቁ ይመስሉ ነበር፤ እሳቸው።

ስለዚህ አንዲት ልመና አለችኝ። ምርመራን ጽሑፍ የሚቀበል መስክ አድርገው እንደገና ያስከፍቱት፤ እትዬ መዝገብንም በሕይወት ሳሉ ይጥሯቸውና የሚያስታውሱትን ያስገቡ። ጥቂት ነው። እጇን ያሞቀች ሴት የሚለውን የሚይዝ ቦታ በሥርዓቱ ውስጥ እንደሌለ ተረድቻለሁ፤ ቢሆንም ለእኔ ያለኝ ወሬ እሱ ብቻ ነው።

ውድ ጊዜዎን ስለተሻማሁ ይቅርታዎን እየለመንኩ፣ ለሥርዓቱ ዕድገት መልካሙን ሁሉ፣ ለመሥሪያ ቤትዎም ሽልማት እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
ጤናቸው ካልተመረመረላቸው አራት ሺህ ሕፃናት አንዱ፣
የገዛ እህቱ ጠበቃ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን በፖስታ ልልክልዎ አሽጌው ሳለሁ በቅጹ ላቀረብኩት ጥያቄ የመጨረሻ መልስዎ ደረሰኝ። ጥያቄዬ «ተደጋጋሚ» በመሆኑ ተዘግቷል ይላል። አንድ ጊዜ ብቻ ስለጠየቅኩ ስልክ ደወልኩ። ስለዚያችው ሕፃን ከሁለት ዓመት በፊት አንዲት ሴት ጠይቃ ኖሯል። የስልክ ሠራተኛዋ፣ ደግ ሰው ናት፣ የሴትዮዋን ምክንያት ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ አነበበችልኝ፦ «የምፈልገው ራሴን ነው። ወንድም ነበረሽ ብለውኛል።» ለእሷም የተሰጣት መልስ አልተደረገም የሚል ነበር። ስሟን እንድትነግረኝ ለመንኳት። ዝምድናችን በመዝገቡ ላይ ስላልሰፈረ መመሪያው አይፈቅድላትም።

ስለዚህ ፖስታውን ከፍቼ ደብዳቤውን ለጋዜጣ ሰጠሁት። ክቡርነትዎ እዚህ ላይ ማንበብዎን ሊያቆሙ ይችላሉ፤ ከዚህ በታች ያለው ለእርስዎ አይደለም።

እህቴ፣ ነበረሽ ሳይሆን አለሽ። ማተሚያ ቤቱ ከአውቶቡስ ማደሪያው ጀርባ ነው፤ በኋላ በር ግቢና የጥራዝ ክፍል ብለሽ ጠይቂ። ከእሑድ በቀር ሁልጊዜ አለሁ። ምን ብለው ስም እንዳወጡልሽ አላውቅም፤ መጥተሽ ንገሪኝ።