በቴሌስኮፕ ያየኋት ጨረቃ

ጁባ፣ ኅዳር 2008 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ከማሉዲን፣

አሰላሙ ዐለይኩም። የጤናዎን ነገር ከልጅዎ ከዓፊፋ ስለሰማሁ «እንደምን ሰነበቱ» ብዬ ለመጀመር አፈርኩ። ባለፈው ሳምንት ኮምቦልቻ ደውዬ ነበር፤ ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። «አባቴ ዓይኔ ከድቶኛል ብሎ ቤት ተቀምጧል። መርፌ ከነካ ቆየ። መንገድ ሲሻገር እንኳ እጄን ይይዛል» አለችኝ። ላገናኝህ ስትለኝ «ሌላ ጊዜ» ብዬ ዘጋሁት። የምናገርበት አፍ አጣሁ። በወረቀት ይሻላል ብዬ ነው ይህን የምጽፍልዎ።

ደክሞኛል፣ ጋሽ ከማሉ። ጁባን ያውቋታል። ከዚያ ከታኅሣሡ ተኩስ ወዲህ ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ሰላም ተፈረመ ተባለ፤ ገበያው ግን እንደታመመ ነው። ሳሙናና ብስኩት የጫነው መኪና መንገድ ላይ ሰንብቶ ሲገባ ብስኩቱ ዱቄት ሆኖ ይደርሰኛል። ይህን ሁሉ ለምጄዋለሁ። ያልለመድኩት ባለፈው ረመዳን መጨረሻ በእርስዎ ላይ የሠራሁትን ነው።

ቴሌስኮፑ እንዴት እጄ እንደገባ ያስታውሳሉ። ጦርነቱ ሲጀመር ከአገር የወጣ አንድ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ጥሎት የሄደውን ዕቃ አከራዩ ሲሸጥ፣ ፍሪጅ ልገዛ ሄጄ ቴሌስኮፕ ተሸክሜ ተመለስኩ። ወታደር መሣሪያ እንዳይመስለው በብርድ ልብስ ጠቅልዬው ነበር። እርስዎ ኮንዮ ኮንዮ ገበያ በረንዳዎ ላይ የሰው ጀለብያ እየሰፉ ቀና አሉና «አንተ ልጅ ሰማን፣ ፍሪጁ ከሳሳ!» ብለው ሳቁብኝ።

ሣጥኑ ውስጥ መመሪያ የሚባል ነገር አልነበረም። ሦስቱን እግሮች አስተካክዬ ለማቆም ብቻ ሳምንት ፈጀብኝ። ከዚያ ትምህርት ፍለጋ ወጣሁ። ኢንተርኔት ቤት ገብቼ በአማርኛ ስጠይቅ የሚመጣልኝ ኮከብ ቆጠራ ነው፤ ኮከቤ ምን እንደሆነና በዚህ ወር ማን እንደሚቀናብኝ ይነግረኛል። በእንግሊዝኛ ስጠይቅ ደግሞ ሁሉም ሌላ ቴሌስኮፕ ሊሸጥልኝ ይፈልጋል። ቪዲዮውን ከከፈትኩት፣ አንድ ደቂቃ ለማየት ግማሽ ሰዓት ሲሽከረከር መጠበቅ ነው። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ሉባባ መጽሐፍ መደብሩን ሁሉ ዞራ የላከችልኝ የተማሪ ፊዚክስ መጽሐፍ ነበር። ሌንስ ምን እንደሆነ ከእሱ ተማርኩ፤ ስለ ሰማዩ ግን ብዙም አይልም።

በመጨረሻ ለጀማሪ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ አገኘሁና ፕሪንት አስደረግኩት። መጀመሪያው ገጽ ላይ «ቴሌስኮፕ ከመንካትህ በፊት አንድ ዓመት ሰማዩን በባዶ ዓይንህ ተማር፤ የሚያውቅ ሰው በአካባቢህ ካለ አጠገቡ ቁም» ይላል። ዘለልኩት። መሣሪያ ያለው ሰው ባዶ ዓይን ምን ያደርግለታል አልኩ። ስለ ጨረቃ የሚለውን ምዕራፍ ብቻ አነበብኩና የቀረውን መሳቢያ ውስጥ ወረወርኩት። ከልጅነትዎ ከወሎ ጀምሮ የወር መግቢያ ጨረቃን ሲጠብቁ የኖሩት እርስዎ ከሱቄ አምስት በር አልፈው ተቀምጠው ሳለ፣ እኔ ኢንተርኔት ቤት ወረፋ እይዝ ነበር። አንድ ቀን እንኳ «ጋሽ ከማሉ፣ ያቺ ኮከብ ማን ናት?» ብዬ አልጠየቅሁዎትም።

ከዚያ ያ ምሽት መጣ። ጾሙ ሃያ ዘጠኝ ሞልቷል፤ ሂላሏ፣ አዲሷ ጨረቃ፣ ከታየች ነገ ዒድ ነው። ኮር ዊሊያም ሰፈር ያለው ግቢዬ ውስጥ የኮንዮ ኮንዮ ነጋዴ ተሰብስቧል። ሰማዩ ደመና ነው። አፍጥረን ቀና ስንል በምዕራብ በኩል፣ ከጀበል ተራራ ብዙ ከፍ ብሎ፣ ደመናው ትንሽ ተከፈተና አንድ ብርሃን ታየ። ቴሌስኮፑን አዞርኩ። ነጭ፣ ቀጭን፣ ሁለት ቀንድ ያላት ነገር ቁጭ ብላለች። «ሂላል! አየኋት!» ብዬ ጮህኩ።

እርስዎ ብቻ አልተንቀሳቀሱም።

«የቷን ነው?» አሉኝ።

«ያቻትና፣ ደመናው መሀል!»

«ልጄ፣ ያቺ ኮከብ ናት። ወር ሙሉ እዚያው ስናያት አልነበር? የአንድ ቀን ጨረቃ እዚያ ከፍታ ላይ ምን ትሠራለች? እሷ ፀሐይ በገባችበት ጥግ፣ ዝቅ ብላ፣ እንደ ክር ቀጥና ነው የምትታየው።»

ሱዳናዊው ነጋዴ ኻሊድ ክንድዎን ይዞ ወደ ቴሌስኮፑ ወሰደዎት። «ያ ዞል፣ ወንድሜ፣ ክርክር ምን ያደርጋል? በዚህ ይዩዋት!» አለ። ጎንበስ ብለው አዩ። ቀና ብለው ሰማዩን አዩ። ዓይንዎን በነጠላዎ ጫፍ ጠርገው እንደገና ጎንበስ አሉ። «በዚህ ሳያት ቀንድ አላት» አሉ ቀስ ብለው፤ «በዓይኔ ግን ኮከብ ናት።»

ያን ጊዜ ነው እኔ የተናገርኩት። «ጋሽ ከማሉ፣ የእርስዎ ዓይን እኮ ጡረታ ወጥቷል፤ ከእንግዲህ ቦታውን ለመሣሪያው ይልቀቁለት» አልኩ። ግቢው በሳቅ ተሞላ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ ልመልሰው ብል በየት በኩል? እውነቱን ልንገርዎት፣ እኔም በባዶ ዓይኔ ሳያት ኮከብ ነበረች። ኻሊድም፣ ያ ሁሉ ጎረምሳም ያየው ኮከብ ነው። የእርስዎ ዓይን ብቻ ተጠረጠረ።

ወዲያው ከሌላ አገር ጨረቃ መታየቷ ተሰማና ነገ ዒድ ነው ተባለ። የእኔ ስህተት በሌሎች ምስክርነት ተሸፈነ። ሰው ሁሉ እጄን ጨበጠኝ፣ እኔም ደረቴን ነፋሁ። እርስዎ ግን በዒዱ ሳምንት «ልብስ አበላሻለሁ» እያሉ የሰውን ጨርቅ ሁሉ ሳይቆርጡ መለሱ። እያየሁ ዝም አልኩ። አገርዎ ሲገቡ ሻንጣዎን ይዤ ኤርፖርት የሸኘሁዎትም እኔው ነኝ። «አደራ፣ ከእንግዲህ አንተ እይላቸው» አሉኝ። እሺ አልኩ፣ ጋሽ ከማሉ። እሺ አልኩ!

ባለፈው ወር ገበያው ሲጠፋ ሱቅ ውስጥ ሥራ ፈትቼ መሳቢያዬን ከፈትኩ። ከዘለልኳቸው ገጾች አንዱ ስለ ቬኑስ፣ እኛ ዙህራ ስለምንላት ኮከብ ነው። በባዶ ዓይን የደመቀች ኮከብ ናት ይላል፤ በትንሽ ቴሌስኮፕ ግን እንደ ጨረቃ ስትጎድልና ስትሞላ ትታያለች፣ አንዳንዴም ቀጭን ማጭድ ትመስላለች። ሥዕሉ ከታች አለ። ሁለት ቀንድ ያላት፣ ያችው ናት። እውነት ይሆን ብዬ ኢንተርኔት ቤት ሄጄ አጣራሁ፤ በዚያ ሰሞን ምሽት ምሽት በምዕራብ ትታይ ነበር፣ ያውም በዚያው በቀጭኑ መልኳ። አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል ይባላል። እኔ የለቀለቅኩት የአባት ያህል የማየውን ሰው ፊት ነው። ወረቀቱን ይዤ ሱቅ ውስጥ አለቀስኩ።

ዓርብ ዕለት ከመግሪብ ሶላት በኋላ መስጊድ ውስጥ ኻሊድ በሰው ፊት «የመውሊዱን ወር ጨረቃ አንተው ታይልናለህ» አለኝ። ቆሜ ሁሉንም ተናገርኩ። ገጹንም አሳየኋቸው።

«ማሊሽ፣ ግድ የለም!» አለ ኻሊድ። «ዒዱ እንደሆነ ልክ ነበር። ኸላስ፣ አለቀ፤ ያለፈ ነገር ምን ይነካካል?»

«ስለ ዒዱ አይደለም የማወራህ፤ ስለ ጋሽ ከማሉ ነው» አልኩት።

አቀረቀረ። «እኔም እኮ ስቄያለሁ» አለ። ጫማችንን አድርገን ተበተንን።

ይመለሱ አልልዎትም። ጁባ ዛሬ ለማን ይመከራል? ቴሌስኮፑንም መቼ እንደምነካው አላውቅም፤ ሁሉ ነገር ሰልችቶኛል። የምለምንዎት አንድ ነገር ብቻ ነው። ይህን ደብዳቤ የምታነብልዎ ዓፊፋ ትመስለኛለች። ዓፊፋ እህቴ፣ እዚህ ላይ አቁሚና ወረቀቱን ለአባትሽ ስጪ። ጋሽ ከማሉ፣ ወደ መስኮቱ ጠጋ ይበሉ። ከዚህ በታች ያለውን ፊደል ሆን ብዬ ከላይኛው አሳንሼዋለሁ፤ በራስዎ ዓይን ያንብቡት፣ ማንም እንዲያነብልዎ አልፈልግም።

ያዩት ልክ ነበር፤ ኮከብ ነበረች። ይቅር ይበሉኝ። ልጅዎ ሰማን።