ስለ ጌታነሽ ጎታና ስላስሞሉት ለምለም ቅጠል

ለተከበሩ የዋርካ ውኃ ወረዳ ግብርና ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት
ግልባጭ፦ ማንበብ ለሚችል ሁሉ

ኅዳር 2006 ዓ.ም.

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ሪፖርትዎ ያማረ፣ ዕድሜዎም እንደ ስብሰባዎ የረዘመ እንዲሆን ከታች ዋርካ ቀበሌ ሆኜ በታላቅ ትሕትና እመኛለሁ። እኛ፣ ክብር ለፈጣሪ ይሁንና፣ አለን፤ ይህንንም የምጽፈው መኖራችንን ማወቅዎን ስለተጠራጠርኩ ነው።

ጥሩሸዋ ጌጡ እባላለሁ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ስለሆነ፣ የአጻጻፍ ግድፈት ቢያገኙብኝ ዘመቻ ሁሉ አንድ ነገር ማጉደሉ አይቀርም ብለው ይለፉኝ። ባለፈው ሳምንት የቀበሌያችን ሥራ አስኪያጅ አቶ ኪዳነ ወልድ ወደ ጎረቤቴ ወደ ወይዘሮ ጌታነሽ ቤት መጥተው፣ ደብረ ብርሃን በሚደረገው የዞን ጉባኤ ላይ «እህሌ በቅጠል ከነቀዝ ዳነ» ብላ እንድትመሰክር በእርስዎ መመረጧን አብሥረዋታል። ጌታነሽ መጻፍ ስለማትችል መልሱን እንዳደርስላት አደራ ብላኛለች። ከመልሱ በፊት ግን ምስጋና ይቀድማል።

አንደኛ፣ ብሳናን ስላገኙልን እናመሰግናለን። እናቶቻችን የብሳና ቅጠል በጥላ አድርቀው፣ ወቅጠው፣ ከአመድ ጋር በማሽላ ላይ እየደባለቁ ነቀዝን ሲከላከሉ የኖሩት የሚያደርጉትን ሳያውቁ ኖሯል። እርስዎ ከሥልጠና በተመለሱ ማግሥት ነገሩ «አዲስ ቴክኖሎጂ» ሆነ፤ ቀበሌውም አንድ ለአምስት ተደራጅቶ ሲሠራው የኖረውን ሊማር ተሰበሰበ። በመጨረሻ ያጨበጨብነው ከልባችን ነበር፤ ያለቀ መስሎን ነዋ።

ሁለተኛ፣ ከሰው ሁሉ መርጠው ጌታነሽን ሞዴል ስላደረጓት እናመሰግናለን። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጇን ጽናትን ብቻዋን የምታሳድግ ሴት ናት። አምና ማሽላዋ ሰምሮላት ጎታዋ እስከ አፉ ሞልቶ ነበር፤ የደቀቀውንም ቅጠል እንደ ወጉ ደባልቃበት ነበር። የካቲት ላይ ከዞን እንግዶች ሊመጡ ነው ተብሎ እርስዎ ራስዎ እስከ ቤቷ ዝቅ አሉ። እኔም ቆሜ ነበር። ክዳኑን አስነሥተው አዩና ፊትዎን አጨፈገጉ።

«ይኼ ምንድን ነው? አፈር ይመስላል እኮ! ካሜራ ላይ ምን ይታያል? ለምለም ቅጠል ይግባበት» አሉ።

የልማት ጣቢያ ሠራተኛችን ማሙሽ ኮሌጅ የተማረውን ገና አልረሳም ነበርና ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ጌታዬ፣ እርጥብ ቅጠል እህሉን ያሻግተዋል፤ መድረቅ አለበት» አለ።

«አንተ የአመለካከት ችግር አለብህ!»

እነሆ ሦስተኛው ምስጋናችን የማሙሽን አመለካከት ስላከሙልን ነው። በግምገማ ተቀመጠ፤ ወር ሳይሞላው ተዛወረ። የሄደበት አገር በቅሎም አይደፍረው ይላሉ።

እህሉ ተዘርግፎ ወጣ፤ ተነፋ፤ የቅጠሉ ዱቄትም እንደ ቆሻሻ ተጣለ። ከዚያ አንድ ንጣፍ ማሽላ፣ አንድ ንጣፍ ከዛፍ የወረደ እርጥብ ብሳና እየተደረገ ተመለሰ። ላዩ እንዲያብረቀርቅ ውኃ እንዲረጭበትም አዘዙ። እንግዶቹ መጡ፣ አዩ፣ አደነቁ፣ ፎቶ አነሡ። ሲሄዱ ክዳኑ በእበት ተመረገና የክልል እንግዶች እስኪመጡ ማንም እንዳይነካው ተባለ።

አራተኛ ብዬ መቀጠል ይገባኝ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ያለው ግን በተራ ቁጥር የሚነገር ስላልሆነ እንደሆነው ልንገርዎ።

የክልል እንግዶች አልመጡም። መጋቢት አለፈ፣ ፋሲካም አለፈ። ጌታነሽ የቤቱ ሽታ እየተለወጠባት ሄደ። አንድ ቀን እጄን ይዛ የጎታውን ግድግዳ አስዳሰሰችኝ፤ ትኩሳት እንደያዘው ሰው ገላ ይሞቃል። ወደ አቶ ኪዳነ ወልድ ሄዳ «ልክፈተው?» ብትላቸው፣ «እንግዶቹ ሳያዩት ከከፈትሽው ማዳበሪያ ፍለጋ እኔ ዘንድ እንዳትመጪ» አሏት። እኔ ተናደድኩና «ክፈቺው እንጂ! እህሉ ያንቺ አይደለም እንዴ?» አልኳት።

«እህሉማ የኔ ነው፤ ጎታው ነው የመንግሥት የሆነብኝ» አለችኝ።

ክቡር ሆይ፣ ያን ጊዜ ሣቅሁ። ዛሬ አልሥቅም።

ግንቦት ላይ ዝናቡ ጣለ። ጎረቤት ሁሉ ዘር ይዞ ሲወጣ ጌታነሽ መቆፈሪያ አንሥታ ክዳኑን ሰበረችው። ማሽላው ተጋግሮ እንደ ጡብ ሆኗል፤ ሻግቶ አረንጓዴ ጥቁር መስሏል። ለዘር ቢሉ አይበቅል፣ ለእንጀራ ቢሉ አይበላ። በእርግጥ አንድም ነቀዝ አልነበረበትም፤ ይህን ለሪፖርትዎ በታማኝነት እመሰክራለሁ። ነቀዝም እኮ የሚበላውን ይመርጣል።

ሰው ግን ሲርበው አይመርጥም። ጌታነሽ ይሻላል ያለችውን ለቅማ፣ አጥባ፣ አስጥታ አስፈጨችው። ከእንጀራው መጀመሪያ የበላችው ጽናት ነበረች። ስታስመልስ አድራ ጠዋት ራሷን ሳተች፤ ወንዶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ዳገቱን ወጥተው ጤና ጣቢያ አደረሷት። እናቲቱ ከኋላ እየሮጠች «እኔ ነኝ ያበላኋት፣ እኔ ነኝ» ትል ነበር። ልጅቱ ተረፈች። እናቷ ግን እስካሁን ሽታ በሌለው እህል ላይ እንኳ አፍንጫዋን ሳትደፋ አትፈጭም።

ልጇ እንደዳነች የቀረውን ሻጋታ በአህያ ጭና፣ እኔን አስከትላ ወደ ቢሮዎ መጣች። ስብሰባ ላይ ናቸው ተባልን። ሲወጡ ጆንያውን ፈትታ እግርዎ ሥር አስቀመጠችና «ጌታዬ፣ ያስገቡትን ቅጠል መልሼልዎታለሁ፤ እርስዎም ማሽላዬን ይመልሱልኝ» አለችዎ። ምን እንደመለሱላት ከረሱት ላስታውስዎ፦

«ያለ ፈቃድ የከፈትሽው አንቺ ነሽ። ሂጂ ፀሐይ ላይ አስጪው። ደግሞ ለሰው አታሳዪ።»

አላለቀሰችም። ስንመለስ ጆንያውን ከብት በማይደርስበት ገደል ደፋችውና «ሴትዮ እንኳ አላለኝም፤ ስሜን ማን ብሎ ነው የዘገበው?» አለች።

ጎረቤት በየቁናው አዋጥቶ ዘር አደረሰላት። ዘግይታ ስለዘራች ማሽላዋ አጥሮ ቀርቷል፤ ቢሆንም አፍርቷል፤ ይኸው ሰሞኑን እሷና ጽናት በወንጭፍ ወፍ ሲጠብቁ ይውላሉ። እርስዎም በዚሁ ሰሞን በጌታነሽ ጎታ ምክንያት መሸለምዎን ሰምተን፣ ከአንድ ጎታ ይህን ያህል ምርት ያገኘ ሰው በአገራችን ታይቶ ስለማይታወቅ በእጅጉ ተደንቀናል።

እንግዲህ ወደ መልሱ ልምጣ። ጌታነሽ ትመጣለች። አቶ ኪዳነ ወልድ እንድታጠናው ያነበቡላትን ንግግር በጥሞና ሰምታዋለች፤ አማረ ብላለች፤ የእርስዎ ስለሆነ ግን እርስዎ ቢያነቡት ይሻላል ትላለች። እሷ የራሷ አላት። ረጅም አይደለም። ልጇንም ይዛ መድረኩ ላይ ስለምትወጣ፣ አስተርጓሚም ሆነ አራሚ እንዳይደክሙ በትሕትና ትጠይቃለች።

ለዝቅታችን ከፍታ የሆኑትን ክቡርነትዎን በመንበርዎ ያጽናልን እያልኩ፣ በተለይ የተሸለሙበትን ጎታ አንድ ቀን በባዶ ሆድ መጥተው እንዲያዩት እየጋበዝኩ፣ ከአክብሮት ሁሉ የሚበልጥ አክብሮቴን አቀርባለሁ።

ሳይፈቀድላት የጻፈችው፣
ጥሩሸዋ ጌጡ
ከታች ዋርካ

ማስታወሻ፦ ወደ ጉባኤው የሚወስደው መኪና ጠባብ መሆኑን አቶ ኪዳነ ወልድ ነግረውናል። ጌታነሽ፣ ጽናትና እኔ ሦስት ነን። ቦታ ካነሰ እርስዎ ቢቀሩ ቅር አንሰኝም።