በአሮጌው የኢሜይል ሳጥን የቀረችው አንዲት መልእክት

ይድረስ ለታላቅ እህቴ፣

እትዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ባለቤትሽስ፣ ልጆቹስ? እኔ ከዓይኔ መድከም በቀር ደህና ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስትጽፊልኝ አንድም ቀን ያልመለስኩ ሰው ዛሬ ምን ነክቷት ነው እንደምትይ አውቃለሁ። አንብቢውና ትደርሺበታለሽ።

የመሥሪያ ቤታችን የኢሜይል ፕሮግራም አርጅቷል ተብሎ፣ የተጠራቀመ ደብዳቤያችንን እስከ ዓርብ ወደ አዲሱ እንድናዛውር ታዘዝን። እኔ በልመና የሚሠራ ኮምፒውተር ይዤ ምን አባቴ አውቃለሁ? ሐኪሙ የምንለው የኮምፒውተር ጠጋኛችን መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። የአሥራ አራት ዓመት የስብሰባ ጥሪ፣ የፈቃድ ማመልከቻ፣ የአለቃዬ ቁጣ ሁሉ ግማሽ ቀን ፈጅቶ ተዛወረ።

ሐኪሙ ግን ካልቆጠረ አያምንም። በአሮጌው አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ አራት፣ በአዲሱ አሥራ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ሦስት። አንድ ጎድሏል አለኝ። ከዚህ ሁሉ አንድ ብትጎድል ማን ይከሰናል፣ ተወው አልኩት፤ እሱ ግን የሰው ደብዳቤ እንዴት ይተዋል ብሎ ፍለጋውን ቀጠለ። በመጨረሻ ረቂቅ ከሚቀመጥበት ውስጥ አገኛት። ያልተላከ ስለሆነ ነው አብሮ ያልተዛወረው አለና የመጀመሪያውን መስመር ጮክ ብሎ አነበበው፤ እትዬ፣ እማዬ አንቺን እየጠራች ነው ይላል።

ወንበሬን አስጠግቼ ራሴ አነበብኩት።

በእማዬ ቀብር ማግስት ዘመድ በተሰበሰበበት ያልኩሽን አንቺም አልረሳሽው፣ እኔም አልረሳሁት። በኢሜይል ጽፌላት አይታ እንዳላየች ሆነች፣ እናቷን በቁሟ ቀበረቻት አልኩ። አልደረሰኝም ብለሽ ማልሽ፤ ማን አመነሽ? አጎታችን እንኳ ፊቱን አዞረብሽ። ከዚያ ወዲህ ይህን ደጅ አልረገጥሽም። ባለፈው ዓመት፣ ምናልባት ደርሶኝ ሳላየው ቀርቼ ይሆናል፣ ይቅር በይኝ ብለሽ ጻፍሽልኝ። ራስሽን መጠራጠር መጀመርሽን አየሁ። አየሁና ደብዳቤሽን አጥፌ መሳቢያ ውስጥ ከተትኩት።

ማሽኑ በላው ብዬ ልጽፍልሽ ነበር። ሐኪሙም ሳያውቅ መንገዱን ጠርጎልኝ ነበር፤ የድሮው ፕሮግራም አንዳንዴ እንዲህ ያደርጋል አለኝ። ግን እሱ የማያውቀውን እኔ አውቃለሁ። ያቺን መልእክት ሳልልካት አራት ቀን ከፍቼ ዘግቻታለሁ። በመጀመሪያው ቀን ዛሬውኑ ነይ ይል ነበር። በማግስቱ በዚህ ሳምንት ነይ አደረግሁት። በአራተኛው ቀን ሲመችሽ ነይ ይላል።

አንሶላዋን የምለውጥ እኔ፣ የማጎርሳት እኔ፤ ዓይኗን ስትገልጥ የምትጠራው አንቺን። እኔን አንቺ ልጅ ነበር የምትለኝ። ስሜ ጠፍቷት ነበር፣ የአንቺ ግን አልጠፋትም። አንጀቴ አረረ እትዬ። ቅናት ነው፣ ሌላ ስም የለውም።

ሐኪሙ ይላክ ወይስ ይጥፋ ብሎ ጠየቀኝ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን፣ በወረቀት አትምልኝ አልኩት። ወረቀቱን አያይዤልሻለሁ። ከላይ ያለውን፣ ለመጨረሻ ጊዜ የዘጋኋትን ቀን ተመልከቺ። እማዬ ያረፈችው ከዚያ በሦስተኛው ቀን ነው፤ አውቶቡሱ ደግሞ ከአንቺ ዘንድ እዚህ ለመድረስ አንድ ቀን ነው የሚፈጀው።

ሌላ ቅጂ ትናንት ለአጎታችን ወስጄ ሰጠሁት። መነጽሩን አድርጎ ሁለቴ አነበበው። እስከ በሩ እንኳ አልሸኘኝም።

ይቅር በይኝ ብዬ አልጽፍልሽም። ያንን ቃል እኔ መጻፍ ሲገባኝ አንቺ ጽፈሽዋል። ፈጣሪ ጤናሽን ይመልስልሽ፤ ልጆችሽ በመጨረሻ ሰዓትሽ ሁሉም አጠገብሽ ይሁኑ።

ታናሽሽ

ይህቺን መስመር ፖስታ ቤት ቆሜ ነው የምጨምራት። በአደራ ደብዳቤ ነው የሚመጣልሽ፤ ፈርመሽ ተቀበዪው። ሠራተኛዋ ያስቸኩላል ወይ ብላ ጠየቀችኝ። ዛሬውኑ ይሂድ አልኳት።