ድምፄን ከላይዋ አንሺልኝ

አውሮራ፣ አሜሪካ፣ ጥር 1999 ዓ.ም.

ለልጅ ልጄ፣ ለቀበጧ፤

እንዴት ሰነበትሽ? ያ የካፒቶል ሂል ሰፈር ክፍልሽ ማሞቂያው ተሠራ ወይስ ዛሬም ካፖርት ደርበሽ ነው ፊልም የምትቆራርጪው? እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ አልታዘዝ ብሎኛል፤ እሱም እንዳንቺ አሜሪካዊ ሆነ መሰል።

ይህን ደብዳቤ እናትሽ እንዳታነብልሽ። ያቺን ቆልማማ ትንሽ ጣቴን እየጎተትሽ ፊደል የቆጠርሽው ለዛሬ ነው።

ፊልምሽን አየሁ። አዳራሹ ሁሉ አለቀሰ። ከዚያ ወዲህ የሐበሻ ሱቆች ባሉበት በቻምበርስ ሮድ ላይ ሰላም አጣሁ፤ ያገኘኝ ሁሉ ያቅፈኛል። ጎረቤቴ ወይዘሮ አያልነሽማ ያን ሁሉ ረሃብ አልፈው ነው እንዴ እንዲህ ሲያስቁን የኖሩት ብላ ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ አለች። ሸሸኋት፤ በዚህ ጉልበት!

እኔ ስለ ስደቴ ሳወራ፣ አንቺ የሰባ ሰባቱን ድርቅ ምስል አስገባሽ፤ የተራበ ሰው ለሰፈራ በጭነት መኪና ሲጫን። እኔ መች ተራብኩ? ያኔ ሆዴ ቀበቶዬን ያስጨንቅ ነበር። ብጠይቅሽ፣ አባባ የእርስዎ ፉቴጅ፣ ያኔ የተቀረጸ ምስል ስለሌለ ነው፣ አርካይቭ፣ የድሮ ምስል ክምችት፣ የሁላችንም ነው አልሽኝ።

የሁላችን! አምና አንድ ቴሌቪዥን ስለ አንድ ሌባ ሲያወራ የሌላ ጥቁር ልጅ ፎቶ ቢያሳይ፣ ጥቁር ሁሉ አንድ ይመስላቸዋል ብለሽ ሳምንት ሙሉ ስትጮሂ አልከረምሽም? አንቺስ ምን አደረግሽ?

አሁን ደግሞ በትልቁ የፊልም ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጥቼ የሰዉን ጥያቄ እንድመልስ ትለምኚኛለሽ። አልወጣም።

በዚያ የጭነት መኪና ምስል ላይ ያለችው፣ ያቺ የተቀደደ ጋቢ የለበሰችው ሴት ብርቅነሽ ትባላለች። ልጄ ውኃ ልትቀዳ ወርዳለች፣ እሷ ሳትመጣ አልሳፈርም አለችኝ። በሚቀጥለው መኪና ትመጣለች አልኳት። የሚቀጥል መኪና አልነበረም።

ምስሉን እዚያ ላይ አቁሚው። ክንዷን ይዞ ወደ ላይ የሚገፋትን እጅ እዪ። ፊቱ አይታይም፤ ቆልማማ ትንሽ ጣቱ ግን ትታያለች።

እሷን ከፊልሙ አታውጫት። ድምፄን ብቻ ከላይዋ አንሺልኝ። ስሟንም ጻፊላት፤ ከእኔ በቀር የሚያውቀው የቀረ አይመስለኝም።

ዓይንሽን ያብራልሽ፣ እጅሽን ከክፉ ሥራ ይጠብቅልሽ። እሑድ ከቤት አልወጣም። ይህን አንብበሽም ጣቴን የምትይዢ ከሆነ ነይ።

አያትሽ