አፉን የከፈተው አኒሞኒ

ጥቅምት 3
የዓሣ ገንዳዬን መስታወት ወለወልኩ። ውሃው በትነት ጣት ያህል ጎድሎ ነበር፣ ጨው የሌለው ውሃ ሞላሁበት። ሁለቱ ክላውን ዓሣዎቼ አኒሞኒያቸው ውስጥ ተሸጉጠው ያዩኛል። አኒሞኒውን ያየ ሁሉ አበባ ነው ይላል... የባሕር እንስሳ ነው እንጂ! ሌላ ዓሣ ቢጠጋው ነድፎ ይበላዋል፣ እነዚህን ግን አቅፎ ያሳድራል። ሁለት ዓመት አይቼ አልጠገብኩም።

አማቴ፣ የባለቤቴ እናት፣ እኛ ጋ ከመጡ ወር ሊሞላቸው ነው። ሶፋው ጥግ ላይ እንደ እንግዳ ቁጭ። እሳቸው ያፍሩኛል፣ እኔም አፍራቸዋለሁ። "ደህና አደሩ?" "ደህና፣ እርስዎስ?" አለቀ። ለባለቤቴ ግን "ወንድምሽ ጋ ልሂድ፣ እዚህ ምን እሠራለሁ?" ብለዋታል። ስታለቅስ አገኘኋት።

ጥቅምት 9
አኒሞኒው ተሸበሸበ። አፉም ተከፍቷል። ምን ነካው? መብራቱ ደህና፣ ሙቀቱ ደህና፣ ጨዉም ደህና... ዓሣ ሻጩ ጋ ደወልኩ።
"አፉን ከፈተ? አይ ወንድሜ... ከሞተ ውሃውን ይመርዘዋል። ዓሣዎቹም አይተርፉልህ።"
አጽናናኝ!

ጥቅምት 10
ውሃውን መረመርኩ። ቆሻሻ በቆሻሻ ሆኗል። ከየት መጣ? እኔ የምሰጣቸው ቁንጥር ነው። ሩቡን ቀየርኩት።

ጥቅምት 12
ጉድ ነው! ጸጉር የሚቆረጥ ጠፍቶ ጸጉር ቤቴን በጊዜ ዘግቼ ገባሁ። ትልቋ ዓሣ የሆነ ነገር ነክሳ ትበራለች። ሄዳ አኒሞኒው አፍ ላይ ጣል! ራሷ ሳትበላ! ቆይቶ ነው የበራልኝ... ሥጋ ነበር። ሥጋ ማን ሰጣት?

ዞር ስል አማቴ፣ ሳህን በእጃቸው።
"ይቅርታ ያድርጉልኝ። አፉን ከፍቶ ሲያየኝ አንጀቴን በላው። ራበው ብዬ..."
"በቀን ስንት ጊዜ?"
"እንጃ... በከፈተ ቁጥር።"

ብናገራቸው ነገ ሻንጣቸውን ያነሳሉ። ዝም ብል ሦስቱም ያልቃሉ። "ችግር የለም" ብዬ ወጣሁ። ፈሪ!

ጥቅምት 13
ጠዋት አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ወር ሙሉ ተቀምጬ አላውቅም።
"እማማ፣ አፉን የሚከፍተው ሲያመው ነው። ምግብ በዛበት።"
ክው አሉ። "ገደልኩብዎት?"
"አልሞተም። ግን እኔ ቀኑን ሙሉ ጸጉር ቤት ነኝ። የሚያየው ሰው ይፈልጋል።"
ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ተነስተው ሊሄዱ ነው ስል፣
"እሱስ ይሁን... ግን የጨው ውሃ ላይ ጨው የሌለው ውሃ ለምን ይጨምራሉ?"
ለካ ሲያዩኝ ነው የከረሙት! የሚተነው ውሃው ብቻ ነው፣ ጨዉ ይቀራል አልኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "ወጥ ውሃው ሲመጥ ጨው እንደሚበዛበት?" እንዴታ! ከዚያ በኋላ ማን ያቁማቸው። ዓሣዎቹን ለምን አይነድፋቸውም? ገላቸው ላይ ባለው ዝልግልግ ነው ይላሉ የሚያውቁ፣ አልኳቸው። ማነው የሚለው? አይቶታል? ሳላስበው ረፈደብኝ።
ምግቡ በሳምንት አንዴ፣ ጥፍር የምታህል ስላቸው ግን አላመኑኝም። "ይሄ ምን ዓይነት ሆድ ነው!"

ጥቅምት 17
ያው ነው። እሳቸው ወንበር አስጠግተው ይጠብቁታል። ውሃውን አብረን ቀየርን።

ጥቅምት 22
አፉ ተዘጋ! መጀመሪያ ያዩት እሳቸው ናቸው። ጸጉር ቤት ድረስ ደወሉልኝ። ደንበኛዬን ግማሽ ጸጉሩን እንደተላጨ ተውኩትና በደስታ ጮኽኩ።

ኅዳር 4
አኒሞኒው ሳህን አክሎ ተዘርግቷል። ደስ ብሎኝ ቁራሽ ሽሪምፕ ላቀምሰው እጄን ስሰድ... አማቴ እጄን ቸብ!
"አንተ! የሚበላበት ቀን ረቡዕ አይደለም እንዴ?"
አንተ አሉኝ። እጄን ሰበሰብኩ።
ማታ የባለቤቴ ወንድም ደወለ። ልውሰድሽ ሳይላቸው አልቀረም።
"የት ነው የምትወስደኝ?" አሉት። "ውሃቸውን ማን ሊሞላላቸው?"