ሃያ ሁለት ክንድ ከመሬት በታች

ይድረስ ለአባቴ፣

እንዴት ሰነበትክልኝ? ጉልበትህስ ተሻለው? ታላቅ እህቴ «ደህና ነው፣ ወሬ ግን ቀንሷል» ብላ ጽፋልኛለች። እኛ ሁላችን ደህና ነን፤ ባሌም ልጆቹም ሰላም ይሉሃል።

እሑድ ከመሥሪያ ቤት ሰዎች ጋር ኮረብታው አናት ላይ ያለውን አሮጌ ግንብ ልናይ ወጣን። ዳገቱ ነፍሴን ሊያወጣት ምንም አልቀረው፤ ድንጋይ ለማየት ይሄ ሁሉ መከራ እያልኩ ሳጉረመርም ነው የደረስኩት። ስገባ ግን ዳገቱን ረሳሁት። የደረጃው ድንጋይ በእግር ብዛት መሃል መሃሉ እንደ ሳህን ጎድጉዷል። ክፍሎቹን ከመሬት ተቆፍሮ የወጣ ዕቃ የሚታይበት ሙዚየም አድርገዋቸዋል። ከሦስት ሺህ ዓመት በፊት የኖረች ሴት ማበጠሪያ አየሁ፤ ሁለት ጥርሱ ወልቋል። ጠጉሯ እንደኔ አስቸጋሪ ነበር ማለት ነው። አባዬ፣ ፈራሁም፣ ደስም አለኝ፤ የትኛው እንደበለጠ አላውቅም።

መጨረሻው ክፍል ውስጥ መዳፍ የሚያህል የሸክላ በሬ ከመስታወት ኋላ ቆሟል። ግራ ቀንዱ የለም። ጀርባውን ዶማ ላጭቶታል። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ «ፊሽካ። ጉድጓድ ቆፋሪ ከሃያ ሁለት ክንድ ጥልቀት አግኝቶ ያስረከበው» ይላል። ደግሜ አነበብኩት።

ስንት ጊዜ ነግረኸናል! ጉድጓዱ ውስጥ ሆነህ በሬውን ብትነፋው፣ ቆፋሪ ፊሽካ ሲነፋ ገመድ ይሳባልና፣ ላይ ያሉት ሰዎች ጎትተው ባልዲው ግንባርህን እንደፈነከተህ፤ በሬውንም ለመንግሥት ሰዎች እንደሰጠህ። እኛ ግን ጠባሳውን የመጠጥ ነው እያልን እናማህ ነበር። የባሌ ቤተሰቦች የመጡ ቀን ወሬውን ገና ስትጀምር፣ እኔ «ይታለብም ነበር በላቸው» አልኩህ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። አንተም አብረህ ሳቅህ። ከዚያ ወዲህ ግን፣ ይኸው ዘጠኝ ዓመት፣ የበሬውን ነገር አንስተህ አታውቅም። አፈር ስሆን ይቅር በለኝ።

አስጎብኚዋን ሴትዮ «ይሄን በሬ ያገኘው ሰው አባቴ ነው» አልኳት። ወንበር ሳበችልኝ። ሸክላው እንዳይሰነጠቅ ስለሚፈሩ እዚያ ከገባ ጀምሮ ማንም ነፍቶት አያውቅም፤ ወደፊትም አይነፋም አለችኝ። በዚያ ቀን ገመዱን የሳቡት ሰዎች ሁሉ አርፈዋል። እንግዲህ የዚያን በሬ ድምፅ የሚያውቅ፣ በዚህ ዓለም ላይ፣ አንተ ብቻ ነህ አባዬ።

ደብተሯን ገለጠችና «ድምፁ ምን ይመስል ነበር አሉ?» ብላ ጠየቀችኝ።

ምን ልበላት? እዚያ ሳትደርስ ነዋ ሁልጊዜ የምንስቀው።

ዕድሜ ከጤና ጋር ይስጥልኝ፤ ጉልበትህን ያጽናልኝ። ቅዳሜ ልጆቹን ይዤ እመጣለሁ። ከመጀመሪያው ጀምርልን፤ አላቋርጥህም።

ምላሰኛዋ ልጅህ