ከጣሪያ በላይ የወጣው ማጣሪያ

ቴፒ፣ ጥር 17 ቀን 1975 ዓ.ም.

የቡና መቀሸሪያው ሞተር ዛሬ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይጠፋ ዋለ። የአየር ማጣሪያው የጀንፈል ብናኝ እየሳበ በየሰዓቱ ይታፈን ነበር። ትናንት ካርቡሬተሩን አጠብኩ፤ ማጣሪያውንም በቧንቧ ቀጥዬ ንጹሕ አየር ወዳለበት፣ ከጣሪያው በላይ አወጣሁት። ለዝናቡ ቆርቆሮ ደፋሁበት።

የእርሻው ካድሬ ቧንቧውን ሲያይ ጮኸብኝ። «ማን ፈቀደልህ? የመንግሥት ንብረት መነካካት አሻጥር ነው!»

«ጓድ፣ እስቲ የሞተሩን ድምፅ ያዳምጡት» አልኩት።

ጀንፈል የምትጨምረው አስካለ ሳቋን በሻሿ ሸፈነች። እሱ ይባስ ተቆጣ፤ ነገ በሠራተኛው ስብሰባ ፊት ግለ ሂስ እንዳደርግ አዘዘኝ።

ቧንቧውን ማውረድ የፈለገ መሰላሉ ያውና። ግለ ሂሱን ግን አደርጋለሁ፤ ተነሥቼ ጥፋቴን እናገራለሁ። ጥፋቴ ይህን አምና አለማድረጌ ነው።